የደወል ታሪክና የእድራችን ጡሩምባ

እንደምታውቁት ሁሉ ሰው ሲሞት የመጀመሪያው ሥራ መጥራት ነው። ድንኳኑ ከመተከሉ፣ ወንበሩ ከመውጣቱ፣ ንፍሮው ከመጣዱ በፊት ሰው መስማት አለበት። ካልሰማ አይመጣም፤ ካልመጣ ደግሞ እድር የሚባለው ነገር የወረቀት ስም ሆኖ ይቀራል። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ «ከእንግዲህ በስልክ መልእክት ብቻ እንጠራራ፤ የጡሩምባው ነገር ይቅር» የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ገሚሱ ደግፎ ገሚሱ ተቃውሞ፣ ውሳኔው ለሚመጣው ስብሰባ መተላለፉ ይታወሳል። ኮሚቴው ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ነገር እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ ከዚያ ክርክር ጋራ የሚሄድ ነገር ስፈልግ ቆይቼ ስለ ደወል ታሪክ ለመጻፍ ወሰንሁ። ደወልና ጡሩምባ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ቢያነብልኝ መልሱን ያገኛል።

እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሥራ ዘመኔንም የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት፣ ደብዳቤ ስቀበልና ፋይል ሳደራጅ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ የሊቅ ጽሑፍ አይደለም። ይሁን እንጂ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ያልተጻፈ ነገር ከሰውየው ጋራ አብሮ ይቀበራል። የደወል ታሪክም አብዛኛው እንዲህ የተቀበረ ስለሆነ፣ የቀረውን ያህል ልሰብስብ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ከዛፍ፣ ከእንጨት ምሰሶ ወይም ከግንብ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ደወል ይባላል። ድምፁ የጠራና ሩቅ የሚሄድ ሲሆን መረዋ ይሉታል፤ ድምፁ ያማረውን ሰው «ድምፀ መረዋ» የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው። በእጅ ተይዞ በቅዳሴ ጊዜ የሚሰማው ትንሹ ደግሞ ቃጭል ነው፤ በከብት አንገት ላይ የሚንጠለጠለውንም እንዲሁ ቃጭል እንለዋለን። ስልክ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ «ደወለልኝ»፣ «ደውልልኝ» ማለት የዕለት ቋንቋችን ሆኗል። ልብ በሉ! ያ በስብሰባችን ላይ ጡሩምባውን ይተካል የተባለው ስልክ ራሱ የጥሪውን ቃል የተበደረው ከደወል ነው።

በዓለም ታሪክ ስንመለከተው ክርስቲያኖች ከመጀመሪያው ጀምሮ በብረት ደወል አልተጠራሩም። በስደቱ ዘመን ማን ደፍሮ ይደውላል? ሰው የሚጠራው በጆሮ በሹክሹክታ ነበር። ስደቱ ካለፈ በኋላ በምሥራቅ አገሮች ገዳማት መነኮሳቱ ረጅም ሳንቃ እያንጠለጠሉ በእንጨት መዶሻ ይመቱ ጀመር። ይኸው የእንጨት ጥሪ በግሪክና በሩማንያ ገዳማት ዛሬም አልቀረም። የብረት ደወልን ለቤተ ክርስቲያን ጥሪ ያዋለው በ431 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቆጣጠር ያረፈው የኖላው ጳጳስ ጳውሊኖስ ነው የሚል ትውፊት በምዕራቡ ዓለም አለ። ኖላ በጣሊያን አገር ካምፓኒያ በሚባል አውራጃ ያለች ከተማ ናት፤ ጣሊያኖች ደወልን «ካምፓና» የሚሉትም ከዚህ አውራጃ ስም ጋራ በተያያዘ ነው።

በእድራችን ውስጥ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስላሉ፣ በእነሱም በኩል ያለውን መናገር ይገባኛል። በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ምእመናኑን ለሶላት በምን እንጥራ የሚል ምክክር ተነሣ። አንዱ እንደ አይሁድ ቀንደ መለከት ይነፋ አለ፤ ሌላው እንደ ክርስቲያኖች የሚመታ እንጨት ይሁን አለ። በመጨረሻ የሰው ድምፅ ተመረጠ፤ አዛን ማለት ይህ ነው። ያንንም ጥሪ መጀመሪያ ያሰማው ቢላል ኢብን ረባህ፣ በእናቱ የሐበሻ ዘር የነበረው፣ ከባርነት ነፃ የወጣው ሰው ነው። እንግዲህ እኛ ባለፈው ስብሰባ «በምን እንጠራራ?» ብለን የተከራከርነው ክርክር ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊትም የነበረ ክርክር ነው ማለት ነው። በዚያውም ላይ ከአገራችን ዘር የሆነ ሰው የመጀመሪያው ጠሪ መሆኑ ለሁላችንም ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ደወል ድንጋይ ነው። እዚህ ቆላ ለተወለዱት ልጆቻችን ነገሩ ተረት ሊመስላቸው ይችላል፤ ግን ተረት አይደለም። እኔ የተወለድሁት በወሎ ደጋ ነው፤ በልጅነቴ በአጥቢያችን የሰማሁት ደወል ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ድንጋይ በጠፍር ተንጠልጥሎ ነበር። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ያሉትን ገዳማት የተሳለመ ሰው፣ ለምሳሌ በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ፣ የድንጋዩን ደወል ተሰቅሎ ያገኘዋል። በትግራይም እንዲሁ በብዙ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛል።

ይህንን በጽሑፍ ካቆዩልን የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባለው የፖርቱጋል ቄስ ነው። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ በ1512 ዓ.ም. መጥቶ እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ቆይቷል። ያየውን የጻፈበትም መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1540 በሊዝበን ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የአገራችን ደወሎች ከቀጭን ድንጋይ የተሠሩ፣ በገመድ ተሰቅለው በእንጨት የሚመቱ መሆናቸውን ተርኳል። በአገሩ የነሐስ ደወል የለመደ ሰው ስለሆነ ነገሩ እንግዳ ሆኖበታል። እኛ ግን ልናመሰግነው ይገባል፤ እሱ ባይጽፈው ኖሮ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ደወላችን ምን ይመስል እንደነበረ በዓይኑ ያየ ምስክር ባጣን ነበር።

ታዲያ ድንጋይ እንዴት ይጮኻል? የሚል ይኖራል። ሁሉም ድንጋይ አይጮኽም። ውስጡ ስንጥቅ የሌለበት፣ ጠጣርና ወጥ የሆነ፣ ስስ ሆኖ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ያስፈልጋል። የመሬት ሊቃውንት ፎኖላይት የሚሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ትርጓሜው በግሪክኛ «ድምፅ ያለው ድንጋይ» ማለት ነው፤ ሲመቱት እንደ ብረት ስለሚጮኽ ይህ ስም ተሰጠው። በአድዋ ዙሪያ ያሉት ሹል ሹል ተራሮች አንዳንዶቹ የዚሁ ዓይነት ድንጋይ ናቸው። አሰቃቀሉም ጥበብ አለው። ድንጋዩን መሐሉ ላይ ወይም ጫፉ ላይ ቢያስሩት ድምፁ ይታፈናል፤ ከሁለቱ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሲታሰር ግን በነፃ ይንቀጠቀጣልና ድምፁ ይወጣል። አባቶቻችን ይህንን በፊዚክስ አልተማሩትም፤ በጆሮአቸው ነው ያወቁት። ሁለትና ሦስት ድንጋይ ጎን ለጎን ሲሰቀልም ወፍራሙና ቀጭኑ፣ ረጅሙና አጭሩ የየራሱን ድምፅ ይሰጣል።

የድንጋይ ደወል ሌላም መልካም ነገር አለው። ማንም አይሰርቀውም፤ አቅልጦም መድፍ አያደርገውም። የነሐሱ ደወል ዕጣ ግን እንዲህ አልነበረም። የደወል ነሐስ የሚሠራው በግምት አራት እጅ መዳብ ባንድ እጅ ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው) ተቀላቅሎ ነው። መድፍም ድሮ ከዚሁ ከመዳብና ከቆርቆሮ ነበር የሚፈሰው፤ የመጠኑ ልዩነት ብቻ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ ጦርነት በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ተጠቂ ደወል ነበር። የሩሲያው ዛር ታላቁ ጴጥሮስ በስዊድን ጦር ከተሸነፈ በኋላ በ1701 በአውሮፓ አቆጣጠር የአብያተ ክርስቲያናት ደወል እየወረደ መድፍ እንዲሆን አዘዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የጀርመን ናዚ መንግሥት ከያዛቸው አገሮችና ከራሱም አገር ከመቶ ሺህ በላይ ደወል አውርዶ ለጦር መሣሪያ ብረት አድርጎታል።

በእኛም አገር የነሐስ ማቅለጥ ሥራ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን ደወል ሳይሆን መድፍ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባል ቦታ በነበሩት አውሮፓውያን እጅ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አስፈሰሱ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ነው ይባላል። ያንን በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ አፋፍ ላይ አወጡት፤ ዛሬም እዚያው ነው። እኔ አንዳንድ ጊዜ ሳስበው ያ ሁሉ ነሐስ ደወል ሆኖ ቢሆን ኖሮ ስንቱን አጥቢያ ይጠራ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ዘመኑ የመድፍ ዘመን ነበረ፤ ንጉሡም አገር የማቅናት ጭንቀት ነበረባቸው፤ እኛ ዛሬ ተቀምጠን መፍረድ አይገባንም።

የውጭ አገር የነሐስ ደወል ወደ ደጋው እንዳይበዛ ያደረገው አንዱ ነገር መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንን ከእኛ ከቆላው ሰዎች በላይ የሚረዳ የለም። በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ ሸዋ የሚሄደው የነጋዴ መንገድ አንዱ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን ምድር አቋርጦ አንኮበር የሚወጣው ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። ግመል የምናውቅ ሰዎች እንግዲህ እናስብ። የግመል ጭነት በግራና በቀኝ እኩል መከፈል አለበት። ጠመንጃ ይከፈላል፤ ጨው ይከፈላል፤ ጨርቅ ይከፈላል። ትልቅ ደወል ግን አንድ ነው፤ ለሁለት አይከፈልም፤ ከተከፈለም ደወል አይደለም። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲያ ከባድ ዕቃ ከጀርባ ወርዶ በጎማ ሳይሆን በብረት መንኰራኵር ይሄድ ጀመር።

ስለ አዲስ አበባ ካነሣሁ አይቀር ስለ አራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጥቂት ልበል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ጦርነት ላይ የጊዮርጊስ ታቦት ከሠራዊቱ ጋራ ወጥቶ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ከድሉ በኋላ ምኒልክ በስሙ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ዛሬ የምናየው ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንፃ ሰባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ የሠራበት ሲሆን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ገደማ ተፈጸመ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተከተለው እልቂት ፋሺስቶቹ ይህንኑ ሕንፃ በእሳት አያያዙት። አስቡት እንግዲህ፤ በዚያ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማው ስንቱ ሰው ሲሞት ማን ደወለለት? ማንስ ጡሩምባ ነፋለት? ማንስ ድንኳን ተከለለት? ሰው ያለ ጥሪ፣ ያለ ለቅሶ፣ በጅምላ ነው የተቀበረው። የጠላት ክፋት መግደሉ ብቻ አይደለም፤ እንዳንላቀስ ማድረጉም ነው።

ከነፃነት በኋላ ጊዮርጊስ ታደሰ። በ1930ዎቹም የመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጽሞ የደወል ግንቦች ቆሙለት። በዚያ ቅጥር ግቢ ውስጥ ብዙ አርበኞች ተቀብረዋል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴም ዐፅም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በዚያው አርፏል። በአክሱምም ንጉሠ ነገሥቱ ያሠሯት አዲሲቱ የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1957 ዓ.ም. ስትመረቅ፣ ለብቻው የቆመ ረጅም የደወል ግንብ ተሠራላት። የድንጋይ ደወል የጥንት መናገሻ በሆነችው አገር ላይ የነሐስ ደወል በሲሚንቶ ግንብ ላይ ወጣ ማለት ነው። አዲሱ መጣ፤ አሮጌው ግን በየገጠሩ አልጠፋም። ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነሐስ መግዛት ያልቻለ አጥቢያ ደግሞ ያገኘውን ሰቀለ። ይህ የድሃው ደወል ታሪክ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተኝም ይኸኛው ነው። በባቡር መስመር ዳር ባሉ ከተሞች የሐዲድ ቁራጭ ይሰቀላል። በመኪና መንገድ ዳር የጭነት መኪና ቸርኬ ይሰቀላል። በሰሜን በኩል ጦርነት ያለፈባቸው አጥቢያዎችና ትምህርት ቤቶች የከባድ መሣሪያ ቀለህ ሰቅለው ይደውሉበታል። ቅድም እንዳልኳችሁ በአውሮፓ ደወሉ መድፍ ሲሆን፣ በእኛ አገር የመድፉ ቀለህ ደወል ሆነ። ሰው ሊገድል የመጣው ብረት ሰው ሊሰበስብ ተሰቀለ። ከመካከላችን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ የቸርኬውን ድምፅ አይረሳም፤ ጧት ሲሰማ ያስሮጠን፣ ለዕረፍት ሲሰማ ያስጨፈረን እሱ ነው። ከነሐስም ሆነ ከቸርኬ፣ ደወልን ደወል የሚያሰኘው ብረቱ አይደለም፤ ሲጮኽ ሰው መምጣቱ ነው።

ደወል ደግሞ ቋንቋ አለው። ልማዱ እንደየአጥቢያው ይለያያል እንጂ፣ በሌሊት ለማኅሌት፣ ጧት ለቅዳሴ፣ ለንግሥ በዓል የሚደወለው እያንዳንዱ የራሱ አኳኋን አለው። ሰው ሲሞት ዘግየት፣ ቆም እያለ ይደወላል፤ በገጠር ያደገ ሰው ያንን ሲሰማ ሞፈሩን አቁሞ «ማን ይሆን?» ይላል። ያለ ሰዓቱ፣ ያለ ወጉ፣ በጥድፊያ ከተደወለ ደግሞ ችግር አለ ማለት ነው፤ እሳት ተነሥቷል፣ ወይም ወንዝ ሞልቷል፣ ወይም ሌባ ገብቷል። ያን ጊዜ «እኔ የዚህ አጥቢያ ምእመን አይደለሁም» ብሎ የሚቀመጥ የለም። ውኃም የያዘ፣ ዱላም የያዘ ሁሉ ይወጣል። የደወል ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጆሮ ላለው ሁሉ ይናገራል፤ ስም እየመረጠ አይጠራም።

የምንኖርበት የአፋር ምድር ደግሞ ከደወልም ከጡሩምባም በፊት የራሱ ጥሪ ነበረው፤ አሁንም አለው። ይኸውም ዳጉ ነው። ከደጋ የመጣን ሰዎች መጀመሪያ ስናየው ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ተገናኝተው ያን ያህል ጊዜ የሚያወሩት ምንድር ነው እያልን እንደነቅ ነበር። ኋላ ግን ገባን። አንዱ ለሌላው ከየት እንደመጣ፣ በመንገዱ ምን እንዳየ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ በዝርዝር ይነግረዋል። የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያቀብላል። የሰሙትን ማስቀረት፣ ያልሰሙትንም መጨመር ነውር ነው። በዚህ ዓይነት ወሬው ከአሳይታ አፋምቦ፣ ከአፋምቦ ሐይቁን አልፎ እስከ ድንበሩ ድረስ በእግር ይሄዳል። ዳጉ ግንብ አያሻውም፤ ነሐስ አያሻውም፤ የሚያሻው እውነተኛ ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ አሁን ወደ እድራችን ጡሩምባ ልምጣ። እድር በአገራችን ከተሞች በተለይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እየተስፋፋ የመጣ ማኅበር ነው። ገጠሩን ትቶ ወደ ከተማ የገባው ሰው ዘመዱም ደወሉም ከኋላው ቀሩ። በአንድ ሠፈር ውስጥ የወሎው፣ የጉራጌው፣ የትግሬው፣ የኦሮሞው፣ የአፋሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ተቀላቅሎ ተቀመጠ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ክርስቲያኑን ይጠራል፤ አዛኑ ሙስሊሙን ይጠራል። ታዲያ ሁሉንም ባንድነት የሚጠራው ምንድር ነው? ለዚህ ነው ጡሩምባ የተገኘው። ለፋፊው በንጋት ተነሥቶ በየመንገዱ እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ ቤቱን፣ የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ጡሩምባ ሃይማኖት የለውም፤ የሠፈሩ ሁሉ ደወል ነው። ከእኛም መካከል ክርስቲያኖቹ ለቅዳሴ ወደ አሳይታ ስንወጣ፣ ሙስሊሞቹ ወደ መስጊዳቸው ሲሄዱ፣ በአንድ ድምፅ ተጠርተን ባንድ ድንኳን ሥር የምንቀመጠው ለቅሶ ላይ ነው።

ስልኩን አልጠላም። እኔም ኪሴ ውስጥ አለ። ሩቅ ያሉ ልጆቻችን፣ አዲስ አበባና ጅቡቲ ያሉት ወዳጆቻችን የሚሰሙት በእሱ ነው። ነገር ግን ስልክ ስም እየመረጠ ነው የሚጠራው። ቁጥሩ በጸሐፊው መዝገብ ላይ ያለ ይሰማል፤ የሌለ አይሰማም። ቁጥሩን የቀየረ አይሰማም። ባትሪው የሞተበት፣ መብራት የጠፋበት፣ ኔትወርክ የተቋረጠበት አይሰማም። ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን መልእክቱ ቢደርሳቸውም ልጅ እስኪያነብላቸው ይጠብቃሉ። ዓምና ከጎረቤት እናቶቻችን አንዷ ከሦስት ቤት በኋላ ያለች ወዳጃቸው ተቀብራ ካደረች በኋላ ነው የሰሙት፤ የሞቷ መልእክት የተላከው ለልጃቸው ስልክ ነበርና ልጁም በሥራ ላይ ነበር። እኒያ እናት ገንዘባቸውን አንድ ወር እንኳ ሳያጓድሉ የከፈሉ ናቸው። ለቅሶ ሊደርሱ ስሄድ አብሬያቸው ነበርሁና «ለካ እኔ ከእድሩ ወጥቻለሁ» ያሉት ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለ። ማንም አላስወጣቸውም፤ ግን ያልተጠራ ሰው እንደወጣ ነው የሚሰማው።

ይህንን ሁሉ ያተትሁት «የድሮው ይሻላል» ለማለት አይደለም። የደወል ታሪክ የሚያስተምረን ሌላ ነው። እንጨቱ ሲመጣ ሹክሹክታው አልቀረም። ነሐሱ ሲመጣ ድንጋዩ አልወረደም። በዚህ በእኛም ቀዬ አዛኑም ጡሩምባውም እያለ ዳጉ አልተቋረጠም። አዲሱ ጥሪ በአሮጌው ላይ ይጨመራል እንጂ አሮጌውን አይሽርም፤ ምክንያቱም አንዱ የማይደርስበት ሌላው ይደርሳል። ከመቶ ሰው አንዱ የማይሰማበት ጥሪ ለዘጠና ዘጠኙ በቂ ነው ብንል፣ ያ አንዱ ነገ ከእኛ አንዳችን ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፤ የስልኩ መልእክት ይቀጥል፤ ጡሩምባውም እንደወትሮው ይነፋ፤ ለለፋፊው የሚከፈለው ገንዘብ ከመዋጮአችን አንጻር ሲታይ ከባድ አይደለም። ሁለተኛ፤ ስልክ የሌላቸው ወይም ማንበብ የሚቸግራቸው አባላት ስም ለብቻ ተጽፎ፣ በየብሎኩ አንድ ወጣት ቤታቸው ሄዶ በቃል እንዲነግራቸው ይመደብ። ይህንን እንደ ዳጉ ቁጠሩት፤ የአገሩ ልማድ ስለሆነ የአፋር ልጆቻችን ከማንም በላይ ያውቁበታል። ሦስተኛ፤ ይህ የመዝገብ ቤት ሰው አመሌ ነውና አትቀየሙኝ፤ የእድራችን ጡሩምባ መቼ ተገዛ፣ በስንት ተገዛ፣ እነማን ነፉበት የሚለው በመዝገባችን ይጻፍ። ከየአገራችሁም ስለ አጥቢያችሁ ደወል፣ ድንጋይም ይሁን ነሐስ ወይም ቸርኬ፣ ማን እንዳመጣውና እንዴት እንደተሰቀለ የምታውቁ ለጸሐፊያችን ንገሩልኝ፤ ለሚመጣው ዓመት እጽፈዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ ስለ አያያዝ ልጨምር። በየአጥቢያው የነሐስ ደወል ያላችሁ ወገኖች በድንጋይ ወይም በመዶሻ እንዳይመታ ልጆችን ከልክሉ፤ ውስጡ በተንጠለጠለው መምቻ ብቻ ይደወል። መምቻውንም ከደወሉ ጋራ አጣብቆ መያዝ ያሰነጥቀዋል፤ ነክቶ መመለስ አለበት። በሞስኮ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1735 የተፈሰሰ፣ ወደ 200 ቶን የሚመዝን፣ የዓለም ትልቁ ደወል አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተነሣ እሳት ግሎ ሳለ ውኃ ስላገኘው ትልቅ ስባሪ ወደቀለትና አንድም ቀን ሳይደወል እስከ ዛሬ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቱሪስት ሁሉ ያየዋል፤ ማንንም ግን ጠርቶ አያውቅም። የእኛ ጡሩምባ ዋጋው ጥቂት፣ ቆርቆሮውም የተጨራመተ ነው፤ ሲነፋ ግን ሠፈሩ በሙሉ ይወጣል።

ፈጣሪ ጡሩምባችን የሚነፋበትን ቀን ያርቅልን። በተነፋም ጊዜ የማይሰማ ጎረቤት አይኑረን።